«ኤክስሃሌሽን»፦ ሕጉን አስቀድሞ ነግሮ የሚያስደንቅ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲባል የብዙ አንባቢ ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ጠፈር መርከብ፣ ወደ ሮቦትና ከሌላ ዓለም ወደመጡ ፍጥረታት ነው፤ አጭር ልብ ወለድ ሲሆን ደግሞ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነገሩን ሁሉ የሚገለብጥ አንድ ድብቅ ምሥጢር ይጠበቃል። አሜሪካዊው ደራሲ ቴድ ቺያንግ እ.ኤ.አ. በ2019 በክኖፍ አሳታሚነት ያወጣው «ኤክስሃሌሽን» (ትንፋሽ ማውጣት) የተሰኘ መድበል በእነዚህ ላይ እምብዛም አይመካም። በመድበሉ ውስጥ ያሉት ታሪኮች ዘጠኝ ናቸው፤ የጦር ሜዳ የለባቸውም፣ ዓለምን ከጥፋት የሚያድን ጀግና የለባቸውም፣ ከልቡ ክፉ ሊባል የሚችል ባለታሪክም ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ያም ሆኖ መጽሐፉን የጀመረ ሰው በቀላሉ አያስቀምጠውም። አንባቢን እንዲህ አድርጎ የሚይዘው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ይዤ ሳነበው ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፤ ደራሲው የእያንዳንዱን ታሪክ ዓለም ሕግ ገና ከመግቢያው አካባቢ በግልጽ ይናገራል፣ ከዚያም ሕጉን ለባለታሪኮቹ ሲል አንድም ጊዜ አያላላውም። ሕጉ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ እያለ ወዴት እንደሚያደርሰን ቀድመን አለማየታችን ነው የሚያስደንቀን።

ቺያንግ እ.ኤ.አ. በ1967 በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ፖርት ጄፈርሰን የተወለደ፣ በብራውን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠናና ለረጅም ጊዜ ለሶፍትዌር ኢንዱስትሪው ቴክኒካዊ ጽሑፎችን በማዘጋጀት የኖረ ሰው ነው። የመጀመሪያ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1990 ካሳተመ ወዲህ እስከዚህ መድበል ድረስ ያወጣቸው ታሪኮች ከሃያ አይበልጡም፤ ረጅም ልብ ወለድ ጽፎ አያውቅም። ከመጀመሪያው መድበሉ ውስጥ የነበረ አንድ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2016 ለእይታ ለበቃው «አራይቫል» ለተሰኘው ፊልም መነሻ ስለሆነ፣ ስሙን ሳያውቁ ሥራውን የሚያውቁ አገራችን ውስጥም ጥቂት አይደሉም። ቀን ቀን የማሽንና የፕሮግራም አሠራር ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ የኖረ ብዕር መሆኑ በልብ ወለዶቹም ላይ ይታያል፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ጌጥ የማያበዙ፣ አንዱ እርምጃ ከሌላው በፊት መምጣት እንዳለበት ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው።

መድበሉ የሚከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመውና ታዋቂ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሽልማቶች የሆኑትን የሁጎንም የኔቡላንም ሽልማት በወሰደው «ነጋዴውና የአልኬሚስቱ በር» በተባለው ታሪክ ነው። ፉዋድ ኢብን አባስ የተባለ የባግዳድ ጨርቅ ነጋዴ በኸሊፋው ፊት ቀርቦ የደረሰበትን ይተርካል። ነጋዴው ለስጦታ የሚሆን ዕቃ ሲፈልግ ባሻራት የተባለ አልኬሚስት ሱቅ ይገባል፤ አልኬሚስቱም ወደ ጓዳው ይወስደውና አንድ የቆመ የብረት ቀለበት ያሳየዋል። ባሻራት ክንዱን ከቀኝ በኩል ወደ ቀለበቱ ሲያስገባ ክንዱ በግራ በኩል አይወጣም፤ ከክርኑ ላይ የተቆረጠ ይመስላል። ክንዱን መልሶ ካወጣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ፣ ባለቤቱ እጁን ሰብስቦ በቆመበት፣ ያው ክንድ ብቻውን ከግራው በኩል ብቅ ይላል። ቀለበቱ በሰከንዶች የሚለያዩ ሁለት ጊዜያትን የሚያገናኝ በር መሆኑ ነው። ከጎኑ ሰው የሚያሳልፍ ትልቅ በር አለ፤ እሱ ደግሞ በሁለቱ ወገኖቹ መካከል ያለው ርቀት ሃያ ዓመት ነው። በሩን በአንድ አቅጣጫ ያለፈ ሃያ ዓመት ወደፊት፣ በሌላው አቅጣጫ ያለፈ ሃያ ዓመት ወደኋላ ይሄዳል።

ይህን የክንድ ትርኢት በዝርዝር ያነሳሁት በምክንያት ነው። ደራሲው ስለ ጊዜ ጉዞ ማብራሪያ ከመስጠት ይልቅ አንድ ክንድ አሳየን፤ እኛም ከነጋዴው ጋር ቆመን ሕጉን በዓይናችን ተማርን። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ገደቦች ሁሉ ከዚሁ የሚወለዱ ናቸው። በሩ ከመሠራቱ በፊት ወደነበረ ጊዜ ማለፍ አይቻልም፤ ስለዚህ በቅርቡ የተሠራው የባግዳዱ በር ወደፊት እንጂ ወደኋላ ለሚሻ ሰው አይጠቅምም። ፉዋድ የሚሻው ደግሞ የቀድሞውን ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ከሚስቱ ከናጅያ ጋር ተጣልቶ በተለየበት ወቅት የመስጊድ ግድግዳ ተደርምሶባት ሞታለች። ስለዚህ ፉዋድ፣ አልኬሚስቱ ቀደም ሲል ወደኖረባት ወደ ካይሮ ተጉዞ፣ እዚያ በሚገኘው አሮጌ በር አልፎ፣ ከዚያ ደግሞ በሃያ ዓመት ወጣት የሆነውን በረሃ በግመል አቋርጦ ባግዳድ መድረስ አለበት። የመንገዱ ርዝመት፣ የሚያጋጥመው መሰናክልና የቀናት ማለፍ የአንባቢውን ልብ ይሰቅላሉ፤ ይህ ሁሉ የመጣውም በዘፈቀደ ሳይሆን በሩ የት እና መቼ ተሠራ ከሚለው ቀላል ሐቅ ነው። ደራሲው በመጽሐፉ መጨረሻ ባሰፈረው ማስታወሻ ላይ የታሪኩ መነሻ ኪፕ ቶርን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ከአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ጋር የሚጣጣም የጊዜ ማሽን ምን ሊመስል እንደሚችል ያደረገው ንግግር እንደሆነ ይናገራል። ማስታወሻውን ሳያነብ ታሪኩን የጨረሰ ሰው ፊዚክስ አነበብኩ ብሎ አያስብም፤ የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ዓይነት ተረት የሰማ እንጂ።

በተረቱም ውስጥ ሌሎች ሦስት ተረቶች ይገኛሉ፤ አልኬሚስቱ ፉዋድን ለማስጠንቀቅ የሚነግረው የገመድ ሠሪው፣ የሸማኔውና የአንዲት ሚስት ታሪክ። ሸማኔው ሃያ ዓመት ወደፊት ሄዶ አርጅቶ የሚኖረውን ራሱን ሲሰልል፣ ሳጥን ሙሉ ወርቅ ያለው ሰውዬ በድህነት ሲኖር ያገኘዋል፤ በንዴት ሳጥኑን ይሰርቅና ወደ ዘመኑ ይመለሳል። ያ ሽማግሌ ሀብታም ሆኖ ሳለ ለምን እንደ ድሃ ይኖር ነበር የሚለው እንቆቅልሽ መልሱን የሚያገኘው ሸማኔው የገንዘቡን ባለቤት ማንነት ካስታወሰ በኋላ ነው፤ ያንን መልስ ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ግን ሳቄ ቆመ። ያለፈው እንደማይለወጥ፣ ይበልጥ ሊታወቅ ግን እንደሚችል አልኬሚስቱ ደጋግሞ ይናገራል። አንባቢው ይህን ሰምቶም ቢሆን ከፉዋድ ጋር ተስፋ ማድረጉን አይተውም። ባግዳድ ሲደርስ የሚጠብቀውን አልናገርም፤ ሕጉ እንዳልተጣሰ ብቻ ልመስክር፣ እኔም ሕጉ ሳይጣስ እንዲህ ያለ መጽናኛ ይገኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ለመጽሐፉ ስሙን የሰጠው ሁለተኛው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2009 የሁጎ ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ በእኔ ሚዛን ከዘጠኙ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ተራኪው ሰው አይደለም፤ ከብረት የተሠራ፣ በአየር ግፊት የሚንቀሳቀስ ፍጥረት ነው። በዚያ ዓለም የሚኖሩት ሁሉ በየቀኑ በደረታቸው ውስጥ ያሉትን ሁለት ባዶ ሳንባዎች አውጥተው በተሞሉ ይተካሉ፤ አየሩ የሚሞላበት ጣቢያም መገናኛና ወሬ መለዋወጫ ቦታቸው ነው። ሰዎች በቡና ሰበብ እንደሚሰባሰቡት እነሱ በአየር ሰበብ ይሰባሰባሉ። ሞት ብርቅ ነው፤ ሳንባን በወቅቱ የመተካት ጉዳይ ብቻ ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ትንሽ ግራ መጋባት ነው። በአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀን የአዋጅ ነጋሪው በቃሉ የሚያነበንበው፣ ሁልጊዜ ልክ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ጽሑፍ አለ፤ በዚያ ዓመት ግን ነጋሪው ሳይጨርስ የማማው ሰዓት ይደውላል። በሌሎች ወረዳዎችም እንዲሁ ሆኗል። ሰዓቶቹ ሲመረመሩ እንከን አልተገኘባቸውም። እንግዲህ ሰዓቱ ካልፈጠነ የዘገየው ማን ነው? አንባቢው እዚህ ላይ ጥርጣሬውን መገንባት ይጀምራል፤ ደራሲውም ይህን አውቆ አንባቢውን ወደኋላ አይጎትተውም። የሰውነት አሠራር ተመራማሪ የሆነው ተራኪ ለማረጋገጥ የሚወስደው እርምጃ ግን የማንም ጥርጣሬ የማይደርስበት ነው፤ መስተዋቶችና በርቀት የሚንቀሳቀሱ እጆች ያሉት መሣሪያ ሠርቶ፣ ነቅቶ ባለበት፣ የራሱን የራስ ቅል ከፍቶ የራሱን አንጎል ይበታትናል።

ይህ ክፍል ለበርካታ ገጾች ይዘልቃል፤ አንድም ጩኸት፣ አንድም ደም የለበትም። የምናየው እጅግ ስስ የሆኑ የወርቅ ቅጠሎችን፣ ረቂቅ የአየር ቧንቧዎችንና በመካከላቸው ያለማቋረጥ የሚነፍሰውን አየር ነው። ተራኪው ትውስታው በብረት ላይ እንደ ጽሑፍ ተቀርጾ እንደሚያገኝ ገምቶ ነበር፤ ያገኘው ግን ሐሳቡ ራሱ የአየሩ ፍሰት ቅርጽ መሆኑን ነው። ከዚህ በኋላ መደምደሚያው ማምለጫ የለውም። ዓለማቸው ዙሪያውን በብረት የታጠረ ነው፤ ከምድር ውስጥ ካለው ከፍተኛ ግፊት ወደ ውጭ የሚለቀቀው አየር የውጩን ግፊት ቀስ በቀስ ከፍ ያደርገዋል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በጠበበ ቁጥርም የሁሉም ሐሳብ ይዘገያል። ሰዓቶቹ አልፈጠኑም ነበር። ልዩነቱ ጨርሶ ሲጠፋ ሐሳብ ሁሉ ያቆማል፤ እያንዳንዱ የተነፈሰ ትንፋሽም ያንን ቀን ያቀርበዋል። ፊዚክስ የተማረ አንባቢ እዚህ ውስጥ ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ፣ ማለትም ልዩነት ሁሉ በጊዜ ብዛት እየጠፋ ይሄዳል የሚለውን ያገኘዋል፤ ደራሲውም የፊዚክስ ሊቁ ሮጀር ፔንሮዝ ምግብን የምንበላው ለያዘው ሥርዓት እንጂ ለኃይሉ ብቻ አይደለም ብሎ የጻፈውን ማንበቡ እንደረዳው ገልጿል። ፊዚክስ ያልተማረውም ቢሆን ስለ ራሱ ዓለም እየተነገረው መሆኑን የሚረዳው ማንም ሳይነግረው ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ሰው የሚባል ፍጥረት አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም፣ የእኛም ዓለም እንዲሁ። የንጽጽሩን ሥራ ለአንባቢ መተው ከዚህ በላይ በተሳካ ሁኔታ ተሠርቶ ያየሁበትን አጭር ልብ ወለድ አላስታውስም።

ሦስተኛው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2005 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከጥቂት ገጾች የማይበልጥ ነው። አንዲት የመኪና በር መክፈቻ ሪሞት የምታክል ዕቃ አለች፤ አንድ ቁልፍና አንዲት አረንጓዴ መብራት አላት። መብራቷ የምትበራው ቁልፉን ከመጫንህ አንድ ሰከንድ በፊት ነው። ልታታልላት ብትሞክር አይሆንም፤ ሳትበራ ልትጫን ብትል ትቀድምሃለች፣ በርታም አልጫንም ልትል ብትወስን ያን ጊዜ መጀመሪያውኑ አትበራም። መጫወቻ መስላ ወደ ገበያ የወጣች ዕቃ የሰው ልጅ በነጻ ፈቃዱ ላይ ያለውን እምነት ስትነቀንቅ እናያለን። ታሪኩ ባለታሪክ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው የአንባቢው አውራ ጣት ብቻ ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ ቅርብ ይሆናል ብዬ የምገምተው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው «የሐቅ እውነት፣ የስሜት እውነት» ነው። በውስጡ ሁለት ታሪኮች እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። አንዱ የወደፊቱን ዘመን ይመለከታል፤ ሰዎች የሕይወታቸውን እያንዳንዱን ቅጽበት በቪዲዮ ይቀርጻሉ፣ አዲስ የወጣ ፕሮግራምም ስለ አንድ ያለፈ ነገር ገና ሲያወሩ ቅጂውን ፈልጎ ከዓይናቸው ፊት ያቀርባል። ሌላው በቅኝ ግዛት ዘመን በናይጄሪያ ቲቭ ሕዝብ መካከል የሚካሄድ ሲሆን፣ ጂጂንጊ የተባለ ልጅ ከአንድ ሚስዮናዊ ማንበብና መጻፍ ይማራል። ልጁ ካደገ በኋላ ጎሳው ከየትኛው ወገን ጋር ይቀላቀል የሚል ጉዳይ ይነሳል፤ ሽማግሌው የሚናገረው የዘር ሐረግና አውሮፓውያን ከብዙ ዓመት በፊት በወረቀት ያሰፈሩት አይገጥሙም። ሽማግሌው እየዋሸ አይደለም። ሕዝቡ ዛሬ ተስማምቶ የሚኖርበትን ነው የሚናገረው። በሽማግሌ ምስክርነት የርስት ሙግት ሲፈታ፣ የዘር ሐረግም እስከ ሰባት ቤት በቃል ሲቆጠር ለሚያውቅ አንባቢ፣ በአንጻሩም ለዘመናት በብራና ሲጽፍ ለኖረ አገር ሰው፣ ይህ ክርክር የሩቅ ሕዝብ ጉዳይ ሆኖ አይታየውም።

የዚህ ታሪክ ብልሃት ግን በወደፊቱ ክፍል ነው። ተራኪው ጋዜጠኛና አባት ነው፤ አዲሱን ቴክኖሎጂ እየተጠራጠረ፣ ሚዛናዊና አስተዋይ ሆኖ ሲያወራን ስለቆየ እኛም ሳናስበው ከጎኑ ቆመናል። ከልጁ ጋር የተጣሉበትን፣ ለዓመታት በልቡ ይዞት የኖረውን የአንድ ቀን ንግግር በቅጂው ላይ ለማየት ሲወስን የሚሆነው ነገር በመድበሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ እጅግ የሚያስደነግጠኝ ነው። ድንጋጤውን የፈጠረው ደራሲው አንዳች ነገር ደብቆብን አይደለም፤ ትውስታ ሊታመን እንደማይችል ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲነግረን ነበር፣ እኛ ግን የተራኪውን ትውስታ ከዚያ ሕግ ውጭ አድርገን ነበር።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ከሁሉ ረጅሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «የሶፍትዌር ፍጥረታት የሕይወት ዑደት»፣ በኮምፒውተር ውስጥ የሚኖሩ እንደ ሕፃን የሚማሩ ፍጥረታትን የሚያሳድጉ ሰዎችን ይከተላል፤ የቀድሞዋ የአራዊት አሠልጣኝ አና ለምታሳድገው ጃክስ ያላት ፍቅር ልብ ይነካል፣ ዛሬ ከማሽን ጋር ማውራት የዕለት ተዕለት ነገር በሆነበት ጊዜም ጥያቄዎቹ አላረጁም። ችግሩ አካሄዱ ነው። ድርጅት ይዘጋል፣ የኮምፒውተር መድረክ ያረጃል፣ ስለ ፈቃድና ስለ ገንዘብ ስብሰባ ይደረጋል፤ ብዙው ነገር በውይይት እየተነገረ ስለሚያልፍ መካከሉ ላይ የድርጅት ሪፖርት የማነብ መስሎኝ ነበር። በቪክቶሪያ ዘመን ስለተፈጠረ የሕፃናት ሞግዚት ማሽን የሚያትተው በሙዚየም ካታሎግ መልክ የተጻፈ ታሪክ ብልህ ነው፣ ግን ቶሎ ይረሳል። «ኦምፋሎስ» ዓለም ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት መፈጠሯ በሳይንስ የተረጋገጠበትን ሁኔታ ያቀርባል፤ በመጀመሪያዎቹ ዛፎች ግንድ መሐል የዕድገት ቀለበት የለም፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዎች አስከሬን ላይም እምብርት የለም። አርኪዮሎጂስቷ በጸሎት መልክ የምትተርከው ይህ ታሪክ ሃይማኖተኛ አንባቢ እንዲናደድ አልተጻፈም፤ እንዲያውም እምነትን በሙሉ ክብደቱ ይዞ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። በፖርቶ ሪኮ የአሬሲቦ ራዲዮ ቴሌስኮፕ አጠገብ የምትኖር በቀቀን የምትተርከው አጭር ጽሑፍም አለ፤ የሰው ልጅ በጠፈር ውስጥ የሚያናግረው ፍለጋ ጆሮውን ሲቀስር አጠገቡ ያለውን ተናጋሪ ፍጥረት አይሰማም። ቴሌስኮፑ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ስለፈረሰ ጽሑፉ ዛሬ ሲነበብ ይበልጥ ያሳዝናል።

በአጠቃላይ ሥራው ላይ የማነሳው ቅሬታ አንድ ነው። የዘመናችን ወይም የነገ ሰው የሆኑት ባለታሪኮች ሁሉም በተመሳሳይ ረጋ ያለ፣ የተማረና ምክንያታዊ አንደበት ይናገራሉ፤ ስም ቢሸፈን ማን እንደተናገረ መለየት ያስቸግራል። በትይዩ ዓለም ውስጥ ከሚኖረው የራስ ሌላ ቅጂ ጋር ስለመነጋገር የተጻፈው የመጨረሻው ታሪክ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ አታላይ ነጋዴ፣ ከሱስ ለመላቀቅ የምትታገል ሴትና በጸጸት የምትኖር አማካሪ በውስጡ ስላሉ የሰው ሽታ አለው።

እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በደንብ የተከታተለ ሰው መዝገበ ቃላት ሳያበዛ ሊያነበው ይችላል፤ ሳይንሱንም ደራሲው ራሱ በታሪኩ ውስጥ ስለሚያስተምር ቀድሞ ማወቅ አይጠበቅም። በወረቀት፣ በኤሌክትሮኒክ ቅጂና በድምፅ ይገኛል። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አደራ የሚባል ከሆነ ቀላሉና ርካሹ ባለ ወረቀት ሽፋኑ ቅጂ ይበቃል፤ የአንጎሉን ምርመራ ግን በድምፅ ከመስማት ይልቅ እየተመለሱ ማንበብ ይሻላል። ለዘውጉ አዲስ የሆነ ሰው በነጋዴው ታሪክ ጀምሮ ወደ ሁለተኛው ቢያልፍና ረጅሙን ለመጨረሻ ቢያቆየው እመክራለሁ። በመጽሐፉ መጨረሻ ያሉት የደራሲው ማስታወሻዎች እያንዳንዱ ታሪክ ከምን ሐሳብ እንደተነሳ ስለሚናገሩ፣ ታሪኩ ራሱ ከመነበቡ በፊት ሊነበቡ አይገባም።